ክራሬን ሸጬ ጊታር ልግዛ?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከወደ ባሌ፣ ከሮቤ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«አባቴ በሕይወት ሳሉ በእጃቸው የሠሩት ክራር አለኝ። ገበቴው ዋንዛ ነው። ጓደኞቼ ጎባ ላይ ጊታር ይዘው ሲሰባሰቡ እኔ ክራር አንጠልጥዬ መሄድ አሳፈረኝ። የምወዳት ልጅም ‹የአዝማሪ ዕቃ› ብላ ሳቀችብኝ። አንድ የሲናና ሰው ክራሩን ልግዛህ ብሎኛል። ሸጬው፣ ያጠራቀምኩትን ጨምሬ፣ የሚያብረቀርቅ ጊታር ልግዛ? ለእናቴ ስነግራት ዝም አለች።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርህ። እኔም በሃያ ዓመቴ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጊታር ገዝቼ ነበር። ያየሁት ቀለሙን እንጂ ድምፁን መቼ ሰማሁት! ክረምቱ ሳይወጣ አንገቱ ጎበጠ፣ ፊቱ ተላቀቀ። ለካስ ርካሽ ኮምፔርሳቶ ኖሯል!

የጊታር ነፍሱ ፊቱ ነው። አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ የተባለ ስፔናዊ ሠሪ ይህንኑ ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1862 ጎኑና ጀርባው ካርቶን፣ ፊቱ ብቻ ጥሩ እንጨት የሆነ ጊታር ሠርቷል። ስለዚህ ጊታር ስትገዛ የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ እይ። የላዩ የእንጨት መስመር ወደ ጠርዙ ወርዶ ከቀጠለ ወጥ እንጨት ነው፤ ተደራርቦ ከታየህ ኮምፔርሳቶ ነው። ከዚያ አንድ ክር መትተህ ዝም በል። ድምፁ ቶሎ ከሞተብህ ተወው።

አሁን ደግሞ ክራርህን አንሳ። የእሱ ፊት ቆዳ ነው። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ብርኩማው ለቆዳው ያቀብላል፣ ገበቴው ውስጥ ያለው አየር ያጎላዋል። አባትህ ገበቴውን ምን ያህል ማሳሳት፣ ቆዳውን ምን ያህል መወጠር እንዳለባቸው የነገራቸው ጆሯቸው ነው። ያ ጆሮ ዛሬ የለም፤ የቀረህ ክራሩ ነው። ጊታር ነገም ሱቅ ውስጥ አለ፤ ይህን ግን ከሸጥከው የትም አታገኘውም።

አያያዙንም ልምከርህ። የእናንተ አገር ብርድና ዝናብ ለቆዳ አይሆንም። እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ድምፁም ይሰንፋል። ላድርቀው ብለህ ምድጃ አጠገብ እንዳታስጠጋው፤ ይሰነጠቃል። በጨርቅ ጠቅልለህ ከእርጥብ ግድግዳ አርቀው።

ለሳቀችብህ ልጅ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ያረፈችውን አስናቀች ወርቁን አሰማት። በፈረንሳይ የሚታተመው ኢትዮፒክስ 16ኛውን አልበም የሰጠው ለእሷና ለክራሯ ነው። ሰምታም ከሳቀች፣ ያን ጊዜ ስለ ክራሩ ሳይሆን ስለ ልጅቷ ጻፍልኝ።

እናም ምክሬ፦ ክራሩን አትሽጥ። ጊታሩን ቀስ ብለህ ቆጥበህ ግዛ፤ ሁለቱ አይጣሉም። የእናትህ ዝምታ ራሱ መልስ ነው። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ክራሩን ቃኝተህ ትዝታ ተጫወትላቸው።

በሉ፣ ሳምንት ያገናኘን!