ስለ ኢቲ 302 ማን ይጻፍ?

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ሥነ ምግባር አስተምራለሁ። ክፍለ ጊዜዬ ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ግማሹ ተማሪ በልቡ መናኸሪያ የደረሰበት ሰዓት። ስለ ቻሌንጀር መንኩራኩር ስናነሳ ያዛጋሉ። ስለ ፎርድ ፒንቶ የነዳጅ ታንክ ስናወራ ስልካቸውን ይነካካሉ። አልፈርድባቸውም፤ ፒንቶ የሚባል መኪና እንኳን እነሱ አባቶቻቸውም አላዩም። ቦይንግ 737 ማክስ ላይ ስንደርስ ግን የኋላ ወንበሮች ሳይቀሩ ይነቃሉ።

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302፣ ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። የ157 ሰው ሕይወት ጠፋ። ከተሳፋሪዎቹ በርካቶቹ ናይሮቢ ላይ ለሚካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ የሚሄዱ ነበሩ። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በላየን ኤር ማክስ አውሮፕላን የሞቱት 189 ሲደመሩ 346 ሰው ማለት ነው።

ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናጠፋው አንዲት ዕቃ ላይ ነው። መብራት ካለ በፕሮጀክተር አሳያቸዋለሁ፤ ከሌለ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። በካፒቴኑና በረዳት አብራሪው ጉልበት መካከል፣ ከኮንሶሉ ግራና ቀኝ የተገጠመ፣ ነጭ መስመር የተሰመረበት ጥቁር ጎማ አለ፤ የጅራቱን ማስተካከያ (ትሪሙን) በእጅ የሚያዞሩበት። ተጎትቶ የሚወጣ እጀታ አለው። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ከሁለቱ የማዕዘን ሴንሰሮች የአንዱን ንባብ ብቻ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይደፍቃል። ላየን ኤር እስኪወድቅ ድረስ ይህ ሶፍትዌር መኖሩን እንኳ ለአብራሪዎች የነገራቸው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቦይንግ ያወጣው መመሪያ የኤሌክትሪክ ትሪሙን አጥፉና በእጅ አስተካክሉ የሚል ነበር። የኛዎቹ አብራሪዎች አጠፉት። ጎማው ግን በዚያ ፍጥነት፣ በጅራቱ ላይ ባለው የአየር ጫና፣ በእጅ አልዞር አለ። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ሶፍትዌሩም አብሮ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ክፍሉ ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ የፈተና ጥያቄ አይደለም። ማን ያውቅ ነበር? ማን ዝም አለ? አንድ ሴንሰር ይበቃል ብሎ የፈረመው መሐንዲስ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን አሰበ?

የምናነበው ጽሑፍ ሄርከርት፣ ቦረንስታይንና ሚለር የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ ኤንድ ኢንጂነሪንግ ኤቲክስ በተባለው ጆርናል ያሳተሙት ነው። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ አስተማሪ ሁሉ ቢያነበው እመክራለሁ። ባለፈው ዓመት አውሮፕላኑ የወደቀበት የኤጄሬ አካባቢ ልጅ የሆነች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ይህን የጻፉት ሰዎች ቦታውን አይተውታል?» አለችኝ። ጽሑፉ የሚመረምረው ቦይንግ ውስጥ የተወሰነውን ነው፤ ለዚያ ኤጄሬን ማየት አያስፈልግም አልኳት። «ታዲያ የኤጄሬውን ማን ጻፈው?» አለች።

ለክፍል የሚሆን፣ ከዚህ ወገን የተጻፈ የሥነ ምግባር ጥናት ፈልጌ እጄ የገባው በጣም ጥቂት ነው። ጉዳዩ ግን በዓለም ዙሪያ የምህንድስና፣ የንግድና የአቪዬሽን ተማሪ የሚማርበት ሆኗል። በየዓመቱ በሙያ ሥነ ምግባር ጉባኤዎች ላይ ይቀርባል። እኛ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለነው በሟችነትና በአደጋ ስፍራነት ነው። ይህ ሊለወጥ ይገባል ባይ ነኝ፤ ሊለወጥ የሚችለውም ሌላው እስኪጋብዘን በመጠበቅ አይደለም።

የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ አይደለም። ሁለቱን ጥቁር ሳጥኖች ወደ አሜሪካ ሳይሆን ወደ ፓሪስ ለመላክ የተወሰነው ውሳኔ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይወጣዋል፤ መርማሪ አካል ጥቅም ካለው ወገን ምን ያህል መራቅ አለበት የሚለው ጥያቄ ነውና። የኢትዮጵያ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አልተስማማም። የኛው ሪፖርት ሴንሰሩ የተበላሸው ከምርት ጥራት ጋር በተያያዘ የኤሌክትሪክ ችግር ነው ሲል፣ እነሱ ወፍ መትቶት ነው አሉ፤ የአብራሪዎቹ አያያዝም በበቂ አልተመረመረም ብለው ጻፉ። ማን ልክ ነው? ተማሪዎቼ በስሜት «እኛ!» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ሰነድ አምጥቼ አንብቡና ተከራከሩ እላቸዋለሁ።

ከዚህም የሚከብድ አለ። ከአደጋው በኋላ አንድ የአየር መንገዱ የቀድሞ ዋና መሐንዲስ ከአገር ወጥተው፣ የጥገና መዝገብ ተነካክቷል የሚል ክስ ለአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች አቅርበው ነበር። አየር መንገዱ አስተባብሏል። የቦይንግ ሠራተኛ ሲያጋልጥ «ጀግና» ብለን የምናስተምር ሰዎች፣ የራሳችን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ሲመጣ በምን ዓይነት ሥርዓት ነው የምንሰማው? ክሱ እውነት ይሁን ሐሰት ለመወሰን አይደለም፤ አቤቱታው የሚጣራበትን መንገድ ለመጠየቅ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ማንሳት የሚያስፈራቸው ባልደረቦች አሉኝ፤ ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን የሥነ ምግባር ትምህርት የጎረቤትን ጓዳ ብቻ የሚፈትሽ ከሆነ ተማሪው ወዲያው ይነቃብናል።

እንግዲህ ለምን አንጽፍም? ገንዘብና ቪዛ የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል፤ እውነትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሞንትሪያል በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ፣ በሽታው ከሁሉ በላይ ከጎዳት አህጉር ሊመጡ የነበሩ ብዙ ተሳታፊዎች ቪዛ ተከልክለው ቀርተዋል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ የሚወስደውን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 አራዝሟል። አብስትራክትህ ተቀባይነት አገኘ የሚል ደብዳቤ ጉባኤው ስድስት ሳምንት ሲቀረው ከደረሰህ አለቀልህ ማለት ነው። ለኅትመት ግን ገንዘቡ እንደሚወራው ሁሉን የሚዘጋ በር አይደለም። በአንባቢ ክፍያ የሚተዳደሩ ብዙ ጆርናሎች ጸሐፊውን ሳንቲም አይጠይቁም። ክፍት ከሆኑትም ውስጥ ከድሃ አገር ለሚጽፍ ክፍያ የሚምሩ አሉ። ወጣት መምህራን ይህን ሲሰሙ ሲገረሙ አያለሁ፤ ለማሳተም መክፈል ግዴታ ነው ብሎ ያሳመናቸው ማን ነው?

ያሳመኗቸው በክፍያ የሚነግዱ የይስሙላ ጆርናሎችና ጉባኤዎች ናቸው። በየጠዋቱ ኢሜይሌን ስከፍት «እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር» የሚል ግብዣ አገኛለሁ፤ ማዕረጌ ሌክቸረር ነው። በቅርቡ የመጣው ዱባይ ላይ ስለሚደረግ የሥነ ምግባር ጉባኤ ነበር። ዝቅ ብዬ ሳነብ፣ በዚያው ቀን በዚያው አዳራሽ ስለ ነርሲንግ፣ ስለ ከብት መኖና ስለ ሲሚንቶም ይቀርባል። ሳይመጡ በገንዘብ ብቻ ለመሳተፍም ዋጋ ወጥቶለታል፤ ሰርተፊኬቱ ይላካል። ቀልድ ይመስላል፤ ንግዱ ግን ትልቅ ነው። መቀመጫውን ሃይደራባድ ያደረገውን ኦሚክስ የተባለ አሳታሚና ጉባኤ አዘጋጅ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሶት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወስኖበታል። ከክሶቹ አንዱ፣ እንመጣለን ያላሉ ምሁራንን ስም በተናጋሪነት እየለጠፈ ሰው መጥራቱ ነበር።

ሻጭ ያለው ገዢ ስላለ ነው። ገዢውን የፈጠርነው ደግሞ እኛው ነን። አንድ የማውቀው ባልደረባ ስለ ሙያ ታማኝነት የጻፈውን ወረቀት ላከ፤ በሦስተኛው ቀን «ተቀብለነዋል፣ ክፈል» የሚል መልስ መጣለት። ከደመወዙ ቆጥቦ ከፈለ፤ ወረቀቱ ወጣ፤ የዕድገት ኮሚቴው ቆጠረለት። ሌላዋ ባልደረባዬ ደግሞ በከተማችን የተደረመሰ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ተቋራጩን፣ አማካሪውንና የማዘጋጃ ቤቱን ተቆጣጣሪ እያነጋገረች ለክፍል የሚሆን የጉዳይ ጥናት ሠራች። ሲሚንቶው ስንት ቀን ውሃ እንዳልጠጣ ሳይቀር አለበት። ተማሪዎች ፎቶ ኮፒውን እየተሻሙ ነው የሚያነቡት። ኮሚቴው ግን «ይህ ማስተማሪያ ነው እንጂ ምርምር አይደለም» ብሎ መለሰላት። ነጥቧ ዜሮ። በሚቀጥለው ዓመት ምን ዓይነት ነገር ብትጽፍ ይፈረድባታል?

ለዚህ ነው ቪዛ ከመጠበቅ ይልቅ ጉዳዩን ወደ ቤታችን ማምጣት የምፈልገው። የደቡብ አፍሪካ ሳን ሕዝቦች ተመራማሪ እየመጣ ደማቸውንና ታሪካቸውን እየወሰደ ሲያስመርራቸው፣ ማንም ጉባኤ እስኪጠራቸው አልጠበቁም። እ.ኤ.አ. በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አወጡ፤ ሊያጠናቸው የሚፈልግ በዚያ ይገዛል ተባለ። በአካዳሚው ዓለም ትንሽ ቦታ ያለው ሕዝብ ነው። ደንቡ ግን ዛሬ በዓለም የሥነ ምግባር ጉባኤዎች ይጠቀሳል።

እኛ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልገንም። የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ አለን፤ የአደጋ ምርመራ ቢሮ አለን፤ ዘዴ የተባለው የመሐንዲሶችና የአርክቴክቶች መጽሔት አለ። አየር መንገዱ ከቦሌ ተነስቶ ከ60 በላይ የአፍሪካ ከተሞች ይበራል፤ ለአህጉሩ ጉባኤ ከዚህ የሚቀል ቦታ አላውቅም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመጋቢት፣ ቢሾፍቱ ላይ ሁለት ቀን ይበቃል። ወረቀት ንባብ ሳይሆን ጉዳይ ይቀርብ፦ አንድ ቡድን አንድ አደጋ ይዞ ይመጣል፤ ሰነዱ አስቀድሞ ይበተናል፤ ሌላው ይፈትሸዋል። ኢቲ 302 ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተደርምሶ ከ110 ሰው በላይ ሲቀብር፣ ክምሩ መቆም እንደማይችል መንገር የነበረበት ባለሙያ ማን ነበር? ይህንንስ በየትኛው የምህንድስና ክፍል እናስተምረዋለን?

ተማሪዎቹንም አንርሳ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 በኢሊኖይ የቴክኖሎጂ ተቋም ሮበርት ላደንሰን የተባሉ መምህር የጀመሩት የሥነ ምግባር ውድድር አለ። ከተለመደው ክርክር የሚለየው፣ ሁለቱ ቡድኖች የግድ ተቃራኒ ወገን መያዝ የለባቸውም፤ ነጥቡ የሚሰጠው ለጩኸት ሳይሆን ለአስተሳሰብ ጥራት ነው። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቡድኖች ሁሉም በአንድ ሐሳብ ተስማምተው ሳቁና ተቀመጡ። «ታዲያ ለምን ተስማማችሁ?» ስላቸው ነው ክርክሩ የተጀመረው፤ ዓርብ መሆኑን ረስተው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆዩ።

ከትምህርት ሚኒስቴርና ከዩኒቨርሲቲዎች ቦርድ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በጥንቃቄ የተገመገመ የአገር ውስጥ የጉዳይ ጥናት እንደ ጆርናል ጽሑፍ ይቆጠር፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ቢጻፍ። የዕድገት ኮሚቴ የጆርናሉን ስም ብቻ ሳይሆን ወረቀቱን ያንብብ፤ ቢያንስ አንድ አባል። በሦስት ቀን የተቀበለ ጆርናል ካለ ደግሞ የገምጋሚዎቹ አስተያየት አብሮ ይቅረብ፤ አስተያየት ከሌለ ነጥብም የለም።

ጉባኤው ሲጠራ መጀመሪያ የሚጋበዙት ሪፖርቱን የጻፉት መርማሪዎች፣ የሟች ቤተሰቦችና አውሮፕላኑ የወደቀበት የጊምቢቹ ወረዳ ገበሬዎች መሆን አለባቸው። ቀጥሎ ከጃካርታ፣ ከናይሮቢ። የአሜሪካው ቦርድም ልዩነቱን ይዞ ይምጣ፤ በሰነዱ ፊት ለፊት እንነጋገራለን። ቦይንግም ሰው መላክ ከፈለገ ደስ ይለናል፤ የመመዝገቢያ ክፍያውን ግን አንምርለትም።