በየቁም ሣጥኑ ያለው የባቡር ፊልም



ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት ብንላችሁ ለቀባሪው አረዱት ይሆንብናል። ሐዲዱ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. ገባ፤ የእንፋሎቱን ባቡርም ከ1940ዎቹ ጀምሮ የናፍጣው እየተካው ሄደ።

ዛሬ አሮጌዎቹ ባቡሮች ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ቆመው ማየት አንድ ነገር ነው፤ ጢሱን እየተፉ ሲሄዱ ማየት ግን ሌላ። ያንን መልሶ የሚያሳየን ያኔ ካሜራ የነበራቸው ጎረቤቶች ያነሱት ባለ 8 ሚሊሜትር ፊልም ነው። አንዱ ትንሽ ጥቅል ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፣ አብዛኛውም ድምፅ የለው። ታዲያ ፉርጎው በር ላይ የቆመው ሰው የማን አባት እንደሆነ የሚነግሩን አረጋውያን ገና አሉልን። እነሱ ካለፉ በኋላ ፊልሙ ቢገኝ ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ ጥቅሉን አትጣሉብን። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ መበላሸት ጀምሯልና ከሌሎቹ ለይታችሁ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ አኑሩት (በእኛ ሙቀት ቦታው ከተገኘ!)። «እስቲ እንየው» ብላችሁ በአሮጌ ፕሮጀክተር አትሞክሩት፤ ሊበጥሰው ይችላል። ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብታመጡት፣ ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጦ እስኪመለስላችሁ ድረስ በደረሰኝ እንረከባለን።