ያልገባችሁን ጻፉ

ትናንት ማታ እዚህ ሽሮ ሜዳ መብራት ጠፍቶ ቁጭ ብዬ ሳለ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለች። ከንባብ ግሩፓችን ከወጣች ሁለት ወር ሆኗታል፤ ሳትሰናበት ነው የወጣችው። ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብዬ ትቼው ነበር። ለካ አይደለም። «ቲቸር፣ ለሁላችሁም ገብቷችሁ እኔ ብቻ የደነዝኩ መሰለኝ» አለችኝ።

ለማታውቁት፦ በቴሌግራም የምንገናኝ ሰላሳ ምናምን ሰዎች ነን። የምናነበው የአቤልሰንና የሰስማንን የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ነው፤ መጀመሪያ በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ሁለተኛ እትሙ በ1996 የወጣ፣ አሁን ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኝ። ያረጀ ነው፣ ከባድ ነው፣ ቋንቋውም ስኪም ነው፤ ሥራ ስትፈልጉ ማንም ስለ ስኪም አይጠይቃችሁም። ግን ኮምፒዩተሩ የጻፋችሁትን ነገር እንዴት እንደሚያስበው ያሳያችኋል። ሕጋችን አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ካነበበው ላይ ኖት ጽፎ የጋራው ፋይል ውስጥ ይከታል። ሕጉ ይህ ይሁን እንጂ የምንጽፈው አራት ሰዎች ነን።

ልጅቷ የቀረችው መልመጃ 1.6 ላይ ነው። ላስታውሳችሁ። አሊሳ የምትባል ገጸ ባሕርይ አለች፤ «ኢፍ» ለምን የተለየ ነገር እንደሚሆን አይገባትም፣ ስለዚህ ጓደኛዋ አዲስ «ኢፍ» እንደ ማንኛውም ፋንክሽን ትጽፍላታለች። በቀላል ቁጥር ሲሞከር ይሠራል። አሊሳ ስኩዌር ሩት ልታሰላበት ስትል ግን ፕሮግራሙ አላልቅም ይላል። ለምን? ስኪም ተራ ፋንክሽን ሲጠራ መጀመሪያ የተሰጡትን ነገሮች ሁሉ አስልቶ ይጨርሳል፣ ከዚያ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ቡና ነው ሻይ ሳይጠይቃችሁ ሁለቱንም አፍልቶ የሚመጣ አስተናጋጅ በሉት። ይሄ ብቻ ቢሆን ብክነት ነው፣ ያልፋል። እዚህ ጋ ግን አንደኛው ምርጫ «እንደገና ከላይ ጀምር» የሚል ነው። መልሱ ይበቃል አይበቃም የሚለው ሳይታይ እንደገና ይጀምራል፤ እዚያም ውስጥ ሳያይ እንደገና ይጀምራል። በቃ፣ መውጫ የለውም።

ይቺ ነገር እስክትገባኝ አራት ቀን ፈጅታብኛለች። መጀመሪያ የቅንፍ ስህተት መስሎኝ ቅንፍ ስቆጥር አመሸሁ። ቀጥሎ ኮምፒዩተሬን ጠረጠርኩ (ምን ላድርግ፣ አሮጌ ነው)። ፋይሉ ላይ ያስቀመጥኩት ግን ሦስት መስመር ነው፤ ጥርት ያለ፣ ልክ በመጀመሪያው ቀን የገባኝ የሚያስመስል። አራቱ ቀን የለበትም። እሷ ያየችው ሦስቱን መስመር ነው። ከእሷ ጋር እዚያው ላይ የተቸከሉ ስንት ሰዎች እንደነበሩ አሁን አንድ በአንድ ስጠይቅ፣ እስካሁን ሰባት አግኝቻለሁ። ሰባታችሁም ዝም ብላችሁ ነበር።

አምና ግሩፑ ላይ የማይጽፉትን ተሳልቄባቸው ነበር። ማኅበር እየመጣ ጠላውን እየጠጣ የራሱ ተራ ሲደርስ የሚጠፋ ሰው ብያችኋለሁ። አሁን ይቆጨኛል። አብዛኞቻችሁ ንፉግ አይደላችሁም፤ አፍራችሁ ነው። እንድታፍሩ ያደረጋችሁ ደግሞ እንደኔ ዓይነቱ የታጠበ ኖት ነው።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ስንቆይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ያኔ አምስት ሆነን ሌላ መጽሐፍ ጀምረን ነበር፤ ፋይል የለ፣ ቴሌግራም የለ፣ አንድ ደብተር ገዝተን አዲሱ ገበያ አንዲት ሻይ ቤት እየተገናኘን ተቀባበልነው። ስርዝ ድልዙ አይጣል ነበር! አንዱ የጻፈውን ሌላው ይሰርዛል፣ ከጎኑ «እርግጠኛ ነህ?» ይላል፣ ባለቤቱ ተመልሶ «አይ፣ ተሳስቻለሁ» ይላል። ከአምስታችን አንድም ሰው ሳይጨርስ አልወጣም። ደብተር ላይ የሰረዙት ነገር ይታያል እኮ። ፋይል ላይ አይታይም።

አንዳንዶቻችሁ ቻትጂፒቲ እያለ ምን አደከመን ትላላችሁ። ማጠቃለያ ከሆነ የፈለጋችሁት ይስጣችሁ፣ አልከራከርም። እናንተ ማክሰኞ ማታ የት ጋ እንደተደናቀፋችሁ ግን አያውቅም። ሌላው ሰው የሚፈልገው ያንን ነው። እንግሊዝኛዬ አይረባም ለምትሉት ደግሞ፣ በአማርኛ ጻፉ። «ሪከርሽን»ን በአማርኛ ማስረዳት ያቃተው ሰው በእንግሊዝኛም ሸምድዶት ሊሆን ይችላል (እኔ እንደዚያ ነበርኩ)።

ደግሞ ነገሩ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የቤተ ክህነት ሊቃውንት አንዲት ቃል ይዘው «አንድም» ብለው ይተረጉማሉ፣ ሌላው መምህር ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ይጨምራል፤ የኋለኛው የፊተኛውን ሳይደመስስ ትውልድ ሲቀባበለው አንድምታ ሆነ። ከሰው ኖት ሥር «አንድም» ብላችሁ የእናንተን ጨምሩ። ልዩነቱ እኛ መሳሳት ይፈቀድልናል።

የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሰርተፍኬት እዚህ ስትለጥፉ ደስ ይለኛል፣ ላይክም አደርጋለሁ። አንድ ቀን ግን ኮርሱ ውስጥ ያስለቀሳችሁን ቦታ ለጥፉልኝ፤ ለሱ ሼር አደርጋለሁ።

ስልኩን ከዘጋን በኋላ መብራት መጣ። 1.6ን እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ቅንፍ መቁጠሬን፣ ኮምፒዩተሬን መጠርጠሬን፣ ሁሉንም። ገጽ ተኩል ሆነ፤ ፋይሉ ላይ አለ። ልጅቷ እመለሳለሁ አላለችም፤ «እስቲ ልየው» ነው ያለችው። ምዕራፍ ሁለትን ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እንጀምራለን።