የጎረቤት አገሮች ፖሊሲያችንና የህንድ ተሞክሮ



የምንጠቀምበት ነዳጅ፣ ዘይትና መድኃኒት በአብዛኛው የሚገባው በጎረቤት አገር በኩል ነው። ስለሆነም ድርጅታችን የጎረቤት ፖሊሲን ከኑሮ ጥያቄ ለይቶ አያየውም። ቻይና በህንድ ዙሪያ ያደረገችውን መመልከት ለዚህ ይጠቅማል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቻይና በስሪላንካ የሃምባንቶታን ወደብ በብድር ሠራች። በ2017 ወደቡ ለአንድ የቻይና ኩባንያ ለ99 ዓመት በ1.12 ቢሊዮን ዶላር ተከራየ። ቀደም ሲል በ2014 የቻይና ሰርጓጅ መርከብ ኮሎምቦ ወደብ ስትቆም ኒው ዴልሂ ክፉኛ ደንግጣ ነበር።

ብዙዎች ይህን ሁሉ የቻይና ገንዘብ ያመጣው ነው ይላሉ። በእኛ እምነት ግን የህንድ የራሷ ጥፋት ቀላል አይደለም። ኔፓል እንደ እኛው ወደብ አልባ ናት፤ ነዳጇም በህንድ በኩል ይገባ ነበር። በ2015 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ህንድ ቅር ተሰኘች፤ የጭነት መኪኖችም ለወራት ድንበር ላይ ቆሙ። ህንድ እገዳ አልጣልኩም ብላለች፤ ጋዝ አጥቶ በማገዶ ያበሰለው የካትማንዱ ነዋሪ ግን አላመናትም። በማርች 2016 ኔፓል ከቻይና ጋር የትራንዚት ስምምነት ተፈራረመች። መንገዱ ሂማላያን የሚያቋርጥ፣ ሩቅና ውድ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ፈረመች።

ህንድ ዘግይታም ቢሆን ተማረች። በ2022 ስሪላንካ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ነዳጅና መድኃኒት ሲጠፋ፣ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ድጋፍ ደረሰችላት።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጃንዋሪ 2024 መንግሥት ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረም ሙሉ ቃሉን ለሕዝብ አላቀረበም። ሞቃዲሾ ተቆጣች። በኦገስት ከግብፅ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈራረመች፤ በዚያው ወር የግብፅ ወታደራዊ አውሮፕላኖች መሣሪያ ጭነው ሞቃዲሾ አረፉ። በአባይ ጉዳይ የምትሟገተን አገር በሌላው ድንበራችን በኩል በር ተከፈተላት። በዲሴምበር ውጥረቱ የረገበው አንካራ ላይ፣ በቱርክ አሸማጋይነት ነው።

የባሕር በር ጥያቄያችን ተገቢ ነው፤ ከማንም ባላነሰ እናነሳዋለን። ብትመርጡን ግን ወደብን የሚመለከት ማንኛውም ሰነድ ከመፈረሙ በፊት ጉዳዩ የሚነካቸውን ጎረቤቶች እናነጋግራለን፤ ሙሉ ቃሉንም ለምክር ቤት አቅርበን በጋዜጣ እናወጣለን።