መስመሩ ሲሰመር አያቶች ይኑሩበት

«ልጅሽ ምን ይሠራል?» ሲባሉ «ሐኪም ነው» ወይም «መምህር ነው» የሚሉ እናት መልሳቸው አጭር ነው። ልጃቸው በከተማ አስተዳደር የጂአይኤስ ባለሙያ የሆነባቸው እናት ግን «ኮምፒውተር ላይ ነው» ብለው ያልፋሉ። ሙያው ግን ከኮምፒውተሩ ይልቅ ለደጃችን ይቀርባል። የግቢያችንን አጥር፣ ለልጆች የምናወርሰውን ቦታ፣ በሰፈራችን የሚያልፈውን መንገድና የውሃ መስመር ይነካል። ስለዚህ ዛሬ ስለዚህ ሥራና ቤተሰብ በሥራው ስላለው ድርሻ እናውጋ።

ጂአይኤስ በአጭሩ ስለ አንድ ቦታ ያለንን መረጃ በካርታ ላይ ደራርቦ ማየት ነው። አንዱ ካርታ መንገዱን፣ ሌላው ይዞታውን፣ ሦስተኛው የጎርፍ መውረጃውን ይይዛል። ሦስቱ እንደ ስስ ወረቀት ሲነባበሩ መንገዱ የማንን ግቢ እንደሚነካ፣ የትኛው ቤት ጎርፍ እንደሚያሰጋው ይታያል። የሐሳቡ መነሻ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ሮጀር ቶምሊንሰን የተባለው የጂኦግራፊ ባለሙያ በጎረቤታችን በኬንያ ለዛፍ ተከላ የሚሆን ቦታ የማጥናት ሥራ ገጥሞት ነበር። ካርታዎችን በእጅ እየደራረቡ መሥራቱ ወጪው ከአቅም በላይ ሆነ። «ታዲያ ኮምፒውተር ለምን አይሠራውም?» የሚለው ሐሳብ የመጣው ያኔ ነው። በኋላም ለካናዳ መንግሥት ሠርቶ አሳየ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሐዋሳ እየሰፋች ስትሄድ ቀድሞ የገጠር የነበሩ እንደ ቡሹሎ ያሉ አካባቢዎች የከተማ ኑሮ ደርሶባቸዋል። የእንሰት ጓሮና የቆርቆሮ ቤት ጎን ለጎን በሚታዩበት እንዲህ ባለ ሰፈር አንድ መስመር ብዙ ትርጉም አለው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ይዞታ ተረጋግጦ እንዲመዘገብ ደነገገ። ሲመዘገብም ድንበሩ በቁጥር ይሰፍራል። «ከዋርካው እስከ ጉድባው» ይባል የነበረው ወደ ኮኦርዲኔት ይለወጣል ማለት ነው።

ቁጥር ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአገራችን ካርታዎች ለረጅም ጊዜ የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ልኬት ሲሆን ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ ነው። ባለሙያው ሁለቱን ሳያስታርቅ ቢያቀላቅላቸው ቦታው ካርታው ላይ ከ200 ሜትር በላይ ፈቅ ሊል ይችላል። ይህን ማረም የልጆቻችን ትምህርት ነው። ኮምፒውተሩ የማያውቀውን መንገር ግን የእኛ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ድንበር ነው። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ የዛፍ ረድፍ ያሳያል እንጂ ረድፉ ድንበር ይሁን ለጥላ የተተከለ ይሁን አይናገርም። ያንን የሚያውቁት የተከሉት አያትና አዋሳኛቸው ናቸው።

ሁለተኛው ውሃው ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ውሃው ከፍ ይላል፣ ዳርቻውም ወደ ሰው ይጠጋል። በበጋ የተነሣ ምስል ደረቅ ያደረገውን ሜዳ አያት «በእገሌ ሠርግ ዓመት ውሃው እዚህ ደርሶ ነበር» ብለው ሊያስታውሱ ይችላሉ። ላንድሳት የተባለው ሳተላይት ምድርን ማንሳት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በፊት ለነበረው ዘመን የሽማግሌ ትውስታ ትልቅ ማስረጃ ነው። ትምህርት ቤት የሚሠራበት ቦታ ሲመረጥ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሕፃናትን ከጎርፍ ታድናለች።

ሦስተኛው ስም ነው። ካርታው የግቢውን ቅርጽ ይስላል፣ መዝገቡ ደግሞ ባለቤቱን ይጽፋል። በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ንብረት የባልም የሚስትም ሆኖ ሳለ በአባወራው ስም ብቻ ሲመዘገብ፣ ወይም አባት ካለፉ በኋላ ወራሾች ሳይነጋገሩ አንዱ ልጅ ብቻ ሲቀርብ፣ የተጣራ ልኬት እንኳ ቤተሰብን ከጠብ አያድንም።

ስለዚህ ቀያሾች ወደ ሰፈራችሁ ሲመጡ ጥቂት ነገር አድርጉ። በሣጥን ያለውን የግብር ደረሰኝ፣ የድሮ ካርታና የውል ወረቀት አስቀድማችሁ አንድ ላይ አኑሩ። አያቶች ጠዋት ወጥተው ከአዋሳኞቻቸው ጋር ድንበሩን ይዙሩ፤ የልጅ ልጆችም ይከተሏቸው። ውጤቱ ለሕዝብ ሲገለጽ ሄዳችሁ እዩ። ስሕተት ካለ ዛሬ በጽሑፍ ማመልከት ነገ ፍርድ ቤት ከመመላለስ ይቀላል።

አንድ ከባድ ነገር ቀረ። ልጃቸው በዚህ ሥራ ላይ ያለ ወላጆች «ያንተ እጅ እያለማ ለአጎትህ ትንሽ ፈቅ አድርግለት» ከሚል ዘመድ አያመልጡም። በኮምፒውተሩ ላይ መስመርን ፈቅ ማድረግ የአንዲት ጣት ሥራ ነው። ለአጎት የተጨመረው አንድ ሜትር ግን ከአንዲት ባልቴት ጓሮ የተቀነሰ ነው። «ልጄን እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቁት» ብሎ በሩ ላይ መቆም የወላጅ ድርሻ ነው። ልጁ ብቻውን ዘመዱን ሁሉ እንዲቋቋም አይተው።

በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ «አፊኒ?» ይባላል፤ «ሰምታችኋል ወይ?» እንደ ማለት ነው። ነገሩን ሁሉም ሳይሰማው አይወሰንም። ሀላሌ፣ ማለትም እውነት፣ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። የካርታ ሥራም ከዚህ አይርቅም። መስመሩ በመዝገብ ከመጽናቱ በፊት አዋሳኙ፣ ሚስቲቱና ሩቅ ያለው ወራሽ መስማት አለባቸው። ልጆቻችን ለክተው ይሳሉ፤ እኛ ደግሞ የምናውቀውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንንገራቸው።