ሥጋ ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ድመቷ አይደለችም

ሥጋ ካቆምኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ለጾም አይደለም፤ ለእኔ ሆድ ተብሎ እንስሳ እንዳይታረድ ነው። ሆኖም በየሳምንቱ ሥጋ ቤት ቆሜ ሳንባ እገዛለሁ። ለድመቴ!

ወዳጆቼ «ግብዝ» ይሉኛል። ግማሽ እውነት አላቸው። «ሳንባ ትርፍራፊ ነው፣ ለሱ ተብሎ የሚታረድ በሬ የለም» እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ግን ባለ ሥጋ ቤቱ ከሳንባውም ያተርፋል፣ ገንዘቡም የእኔ ነው።

ታዲያ ሽሮ ፍትፍት ላብላት? ውሻ ብትሆን በደንብ በተመጣጠነ የእህልና የጥራጥሬ ምግብ መኖር ትችል ነበር። ድመት ግን ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራውም፤ የምታገኘው ከሥጋ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲጎድላት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይደክማል። ውጭ አገር በፋብሪካ የተሠራ ታውሪን የተጨመረበት ሥጋ አልባ የድመት ምግብ ይሸጣል፤ እኛ ሰፈር ሱቅ ግን የለም።

«አይጥ ይዛ ትብላ» የሚሉኝም አሉ። አይጧስ ነፍስ የላትም?

ጭካኔ ጠልቼ ሥጋ ትቼ፣ እቤቴ ያለችውን ላሳውር አልችልም። ስለዚህ ይህቺ እስካለች ሳንባውን እገዛለሁ። ሁለተኛ ድመት ግን አላሳድግም። ባለፈው ጎረቤቴ ግልገል ይዛልኝ መጥታ ነበር፤ አመስግኜ መለስኳት።