ደብተርሽን ማን ያንብብልሽ?

ልጆቹ ተኝተውልሽ፣ የወጥ ቤቱ መብራት ጠፍቶልሽ፣ እግርሽን ዘርግተሽ ይህን ገጽ እንደምታነቢ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዛሬ የማጫውትሽ በልብስ ሻንጣሽ ግርጌ ስለ ደበቅሽው ደብተር ነው። ቡና ስንጠጣ ጠጋ ብላ «እኔ እኮ ልብ ወለድ ጽፌአለሁ» ብላ በጆሮዬ ያንሾካሾከችኝ እኅት አንድ ሁለት አይደለችም። አንዷ ሦስት ደብተር ሞልታለች። ሌላዋ በስልኳ ላይ እየጻፈች መቶ ገጽ አልፋለች። ሁሉም የሚጠይቁኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ «ለማን ላሳየው? ማንስ ያርምልኝ?» ጥያቄው ቀላል አይደለም። በዚያ ደብተር ውስጥ ያለው የስንት ሌሊት እንቅልፍሽ ነውና ለማንም አይሰጥም። ደብቀሽ ብታስቀሪውም ደግሞ ከአንቺ ጋር ይቀራል።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ

የመጀመሪያ ረቂቄን ስጨርስ የሰጠሁት አብራኝ ለምትኖር ጓደኛዬ ነበር። በሁለተኛው ቀን «በጣም ቆንጆ ነው፤ አስለቀሰኝ» ብላ መለሰችልኝ። ደስ አለኝ። አንዲት ቃል ሳልነካ አገር ቤት ላለ አንድ የጽሑፍ ሰው ላክሁት። እሱ ግን እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፤ «እኅቴ፣ ባለታሪክሽ በሦስተኛው ምዕራፍ አንድ ወንድም ብቻ አላት፤ በዘጠነኛው ሁለት ሆነዋል። በነሐሴ ዝናብ ከቤቷ ወጥታ በሳምንቱ ለገና ደርሳለች።» አፈርሁ። ያቺ ጓደኛዬ ይህን ሳታይ ቀርታ ይሆን? አላውቅም። የወደደችኝ ግን እኔን እንጂ ጽሑፌን መርምራ አልነበረም።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነበር። ከባለታሪኮቼ አንዷ የደረሰባት ነገር የአንዲት እኅት ምስጢር ነበር። ስሟን ለውጬ፣ የቀረውን እንዳለ ጽፌው ነበር። ረቂቁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እርሷ ዘንድ ደረሰ። «ይህ የእኔ ጉድ ነው» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፍጋኝ ኖረች። ጽሑፉን በኋላ አስተካከልሁት፤ የእርሷን ልብ ለማግኘት ግን ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ስለዚህ ዛሬ የምነግርሽ በመጽሐፍ ያነበብሁትን ብቻ ሳይሆን ከፍዬ የተማርሁትን ነው።

ለምን ሌላ ሰው ያስፈልጋል?

ዓይን ሁሉን ያያል፤ ራሱን ግን አያይም። አንቺ የጻፍሽውን ስታነቢ የጎደለውን ሁሉ ልብሽ ይሞላዋል። የሰፈርሽን ቀበና፣ የእናትሽን ድምፅ፣ አውሮፕላን ማረፊያ የተሰማሽን ብርድ ታውቂዋለሽ። አንባቢው ግን የሚያውቀው ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ያልጻፍሽውን የሚያሳይሽ ሌላ ዓይን ነው።

«ይህ የተማሩ ሰዎች ነገር ነው» አትበይ። በሰሜን እንግሊዝ ሃዎርዝ በምትባል መንደር ሻርሎት፣ ኤሚሊ እና አን ብሮንቴ የሚባሉ የአንድ ቄስ ልጆች ነበሩ። ሻርሎትና አን በሰው ቤት ተቀጥረው፣ እዚያው እያደሩ ልጆችን እያስተማሩና እየጠበቁ ደመወዝ ይቀበሉ ነበር። የአሠሪ ቤት ምን እንደሚመስል አሳምረው ያውቃሉ። ሻርሎትን በቅርብ ታውቃት የነበረችው ደራሲ ኤልሳቤጥ ጋስኬል እንደ ጻፈችው፣ እኅትማማቾቹ ቤታቸው ሲሆኑ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የስፌት ሥራቸውን አስቀምጠው፣ በክፍላቸው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ስለሚጽፉት ታሪክ ይነጋገሩ ነበር። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ደግሞ እያንዳንዳቸው የጻፉትን ያነባሉ፤ የቀሩት ያደምጣሉ፤ አስተያየት ይሰጣሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 ያሳተሙት የግጥም መጽሐፍ መጀመሪያ የተሸጠው ሁለት ቅጂ ብቻ ነበር። የሻርሎትን የመጀመሪያ ልብ ወለድ አሳታሚዎች እየተቀባበሉ መለሱት፤ ለኅትመት የበቃው እርሷ ከሞተች በኋላ በ1857 ነው። በ1847 ግን «ጄን ኤር» ወጣ። ባለታሪኳ በሰው ቤት ተቀጥራ የምታስተምር፣ መልኳ ብዙም የማያስጠራ ልጅ ናት። ሻርሎት እኅቶቿን «ባለታሪኮቻችሁን ሁልጊዜ ቆንጆ ማድረጋችሁ ስሕተት ነው» ብላ ስትሞግታቸው እንደ ነበር ይነገራል። ያ ክርክር የተካሄደው ቤት ውስጥ፣ ከሥራ በኋላ ነው።

ወደ እኛ ዘመንና ወደ እኛ ሥራ ስንመጣ ደግሞ፣ በሆንግ ኮንግ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ የኢንዶኔዥያ ሴቶች አሉ። እሑድ ዕረፍታቸው ሲሆን ቪክቶሪያ ፓርክ በሚባለው መናፈሻ ምንጣፍ ዘርግተው ይሰባሰባሉ። ከመካከላቸው የሚጽፉት ተፈላልገው የጸሐፊዎች ቡድን አቋቋሙ፤ አጫጭር ልብ ወለዶችንም በመጽሐፍ አሳተሙ። ቢሮ አልነበራቸውም፤ ምንጣፍና አንድ የዕረፍት ቀን ነበራቸው። የእኛም የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ነው። በሰው አገር ሆኖ ለወገን መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም።

ማንን ትመርጫለሽ?

ሦስት ዓይነት አንባቢ ፈልጊ። የመጀመሪያዋ ኑሮሽን የምታውቅ፣ እንደ አንቺ በሰው ቤት የሠራች እኅት ናት። «ማዳሟ ቤት እያለች ልጅቷ እንዴት አንድ ሰዓት ሙሉ በስልክ ታወራለች?» የምትልሽ እርሷ ናት። እውነት ያልሆነውን ቶሎ ትለያለች።

ሁለተኛዋ ከአገር ወጥታ የማታውቅ ሰው ናት፤ እኅትሽ፣ የቀድሞ መምህርሽ፣ የሰፈርሽ ልጅ ልትሆን ትችላለች። እኛ «ኢቃማ»፣ «ከፊል»፣ «መክተብ» እያልን ስንነጋገር ከአማርኛችን ጋር ተቀላቅሎብን አይታወቀንም። አገር ቤት ያለችው አንባቢ ግን እዚያ ላይ ትቆምና «ይህ ምንድን ነው?» ትልሻለች። ያን ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አሠሪ፣ የሠራተኛ አገናኝ ቢሮ መሆኑን በታሪኩ ውስጥ እንዴት እንደምታስረጂ ታስቢያለሽ።

ሦስተኛዋ ራሷ የምትጽፍ ናት። እርሷ ደግሞ ታሪኩ የት ላይ እንደ ተንዛዛ፣ ምልልሱ የት ላይ እንደ ደረቀ ታይልሻለች። የምትጽፍ አታውቂም? በመጻሕፍት ውይይት ላይ ደጋግማ የምትጠይቀውን፣ ለበዓል ግጥም የምታቀርበውን፣ መጽሐፍ ተውሳ በጊዜው የምትመልሰውን ተመልከቺ። ብዙ ጊዜ ደብተር ያላት እርሷ ናት።

ባልሽን፣ እጮኛሽን፣ የቅርብ ጓደኛሽን መጀመሪያ አታድርጊ። ይወዱሻል፤ ወይም ራሳቸውን በታሪኩ ውስጥ ይፈልጋሉ። ሁለቱም አያርሙሽም።

እንዴት ትገናኛላችሁ?

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። ሦስት ወይም አራት ከሆናችሁ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ተራ አይደርስም። ሙሉውን መጽሐፍ በአንድ ጊዜ አትስጪ፤ የደከመ ሰው መቶ ገጽ ሲያይ ነገ ይላል። አንድ ምዕራፍ፣ ቢበዛ ዐሥር ገጽ ስጪ። የመመለሻ ቀን ቁረጡ። የአንዷን ስታነቡ የሌላዋን ቀጥሉ፤ የምትሰጥ ብቻ ወይም የምትቀበል ብቻ ካለች ቡድኑ ቶሎ ይፈርሳል።

የዕረፍት ቀን የሌለሽ እኅቴ ሆይ፣ አንቺም አልተረሳሽም። ምዕራፍሽን በስልክ ላይ ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪላቸው። እነርሱም በድምፅ ይመልሱልሽ። ይህ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። ጮክ ብለሽ ስታነቢ ምላስሽ የተደናቀፈበት ዓረፍተ ነገር መታረም ያለበት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የሀዲስ አለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬድዮ ሲተርከው መጽሐፉን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ባለታሪኮቹን እንደ ጎረቤት አወቋቸው። ስለዚህ ማንበብ የምትቸገር እኅት ብትኖርም ጥሩ አድማጭ ትሆናለች። የት ላይ እንደ ሰለቻት ጠይቂያት፤ እውነቱን ትነግርሻለች።

ምን ብለሽ ትጠይቂያለሽ?

«እንዴት ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽ «ጥሩ ነው» ትባያለሽ፤ በዚያው ያበቃል። ይልቅ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ የት ላይ ማንበብ አቆምሽ? የት ላይ «ይህማ አይሆንም» አልሽ? ማንን ከማን ጋር አምታታሽ? ከዚህ በኋላ ምን የሚሆን ይመስልሻል? የትኛው ክፍል ባይኖር አይጎድልሽም? እነዚህ አምስቱ ለአንድ ምዕራፍ ይበቃሉ።

ሲነግሩሽ ዝም ብለሽ ጻፊ። «እኔ ለማለት የፈለግሁት እኮ…» ማለት ሲያምርሽ ከንፈርሽን ንከሺ። መጽሐፉ ሲታተም አንቺ ከእያንዳንዱ አንባቢ ጎን ተቀምጠሽ አታስረጂም። ፊትሽ ቢቀላም ዕለቱን ምንም አትለውጪ፤ ሁለት ሦስት ቀን አሳድሪው። ከዚያ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ተሰናክለው ከሆነ፣ እዚያ ድንጋይ አለ ማለት ነው። መድኃኒቱ ግን እነርሱ ያሉሽ ላይሆን ይችላል። አንዷ «ትሙት»፣ ሌላዋ «ትዳን» ልትልሽ ትችላለች። የታመመውን ቦታ ከእነርሱ ስሚ፤ መድኃኒቱን አንቺ ፈልጊ። ሻርሎት ብሮንቴም የእኅቶቿ አስተያየት ጽሑፏን ያስለወጣት አልፎ አልፎ ብቻ እንደ ነበር ለጋስኬል ነግራታለች። ቢሆንም ማንበቡን አልተወችም።

አንቺ አንባቢ ስትሆኚ

መጀመሪያ የወደድሽውን ከነገጹ ንገሪያት፤ ያን እንዳትሰርዝ ትጠነቀቃለች። ቀጥለሽ ያስቸገረሽን ንገሪያት። «አትችዪም» አይባልም፤ «እዚህ ገጽ ላይ ጠፋሁ» ይባላል። የእርሷን ዓረፍተ ነገር በራስሽ አነጋገር አትተኪው፤ የጎጃሟ ልጅ እንደ አዲስ አበባዋ እንድትጽፍ አታስገድጃት። «ይህ በአንቺ የደረሰ ነው?» ብለሽም አትጠይቂ። ልትነግርሽ ከፈለገች ትነግርሻለች። ያነበብሽውንም ለሌላ አታውሪ።

የፊደል እርማት መጨረሻ ይምጣ። ነገ ለሚሰረዝ ምዕራፍ ነጠላ ሠረዝ ማስተካከል ድካም ነው። ታሪኩ ሲጸና ግን ሀ እና ሐን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን ተመልከቺ፤ አንዱን ቃል በአንድ ገጽ «ጸሐይ» በሌላው «ፀሐይ» አትበዪ። የባለታሪኮችሽን ስም፣ ዕድሜ፣ ዘመድና የመጡበትን ወር በአንድ ወረቀት ላይ መዝግቢ። ይህን ብይዝ ኖሮ እኔም ስለዚያ ሁለተኛ ወንድም ባላፈርሁ ነበር።

ከመስጠትሽ በፊት

ዋናውን ደብተር ለማንም አትስጪ። እያንዳንዱን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሺና አገር ቤት ላለ ለምታምኚው ሰው ላኪ። ሥራ ስትቀይሪ ወይም በድንገት ስትመለሺ ሻንጣ ይቀራል፤ ስልክም ይወሰዳል። የላክሽው ግን ይቆይልሻል።

የአሠሪዎችሽን ስም፣ ሰፈርና ሊያስታውቃቸው የሚችለውን ሁሉ ለውጪ። በብዙ የዓረብ አገሮች ስም ማጥፋት በወንጀል ያስጠይቃል። ለእኅትሽ ምስጢር ደግሞ ስም መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ አስቀድመሽ አስፈቅጂያት፤ ካልሆነ ታሪኩን ራሱን ለውጪው።

«ይሰርቁኛል» ብለሽ ከሠጋሽ፣ በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጻፍሽው ሥራ ገና ሲጻፍ ጀምሮ የአንቺ ነው። የሚጠበቀው ግን አጻጻፍሽ እንጂ ሐሳቡ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ለማን፣ መቼ፣ የትኛውን ምዕራፍ እንደ ሰጠሽ መዝግቢ። ገንዘብ ተቀብሎ የሚያርም ሰው ካገኘሽም አስቀድሞ አምስት ገጽ አርሞ እንዲያሳይሽ ጠይቂ። ፊደል ብቻ ነው የሚያርመው ወይስ ታሪኩንም ያያል? በስንት ቀን? በስንት ብር? ይህን በጽሑፍ ሳትስማሚ የላብሽን ዋጋ አትላኪ።

ያቺ የተቀየመችኝ እኅት በኋላ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «ብትጠይቂኝ ኖሮ እሺ እልሽ ነበር፤ ደግሞም ያን ቀን የሆነው አንቺ እንደ ጻፍሽው አልነበረም» አለችኝ። ተቀመጥንና ነገረችኝ። የመጽሐፌ ምርጥ ምዕራፍ እርሷ ያረመችው ነው፤ አሁን ሁልጊዜ መጀመሪያ የማነበው ለእርሷ ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀንሽ ዐሥር ገጽ ይዘሽ ውጪ። ከማን አጠገብ እንደምትቀመጪ አሁኑኑ አስቢ። ቸር ያሰንብተን።